ወፉን ተዉት፣ ዛፉን ፈልጉ፦ በጅማ በየወቅቱ በእግር ለሚወጣ ሰው

ጅማ ውስጥ በእግር ወጥተው «ምንም አላየንም» ብለው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሄዱበት ስፍራ ባዶ ሆኖ አይደለም፤ እንስሳ ሊያሳድዱ ስለሄዱ ነው። ዐይናቸው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ እግራቸውም አብሮ ይቸኩላል፤ ጉሬዛውም ወፉም ከእነሱ አስቀድሞ አይቷቸው ዞር ብሏል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። እንስሳውን ለጊዜው ተዉትና ዛፉን ፈልጉ። በዚህ ሳምንት ያበበው የትኛው ነው? ፍሬው የበሰለውስ? እሱን አግኝታችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ምግቡ ያለው እዚያ ነውና በላተኛውም እዚያው ይመጣል።

ይህን የማውቀው ከሥራዬ ነው። ሄርማታ መርካቶ ማር እሸጣለሁ፤ አባቴም ቀፎ ይሰቅል ነበር። ማር የሚነግድ ሰው የአበባውን ጊዜ በልቡ ካልያዘ አይሆንለትም፦ የግራዋው ማር መቼ እንደሚደርስ፣ የብሳናው መቼ እንደሚከተል፣ ከገራ በኩል የገተም ዛፍ ነጭ ማር መቼ እንደሚወጣ። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የምወጣው መንገድም በዚሁ ዕውቀት የሚመራ ነው። ንብ የምትሄድበትን ዛፍ ያወቀ ሰው ወፉና ጦጣው የሚሄዱበትን ለማወቅ ብዙም አይቸገርም።

ከሾላ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚያስተማምነው እሱ ነው። ሌላው ዛፍ ወቅት ይጠብቃል፤ በአዌቱ ወንዝ ዳርና በየዳገቱ ሥር ካሉት ሾላዎች መካከል ግን በየትኛውም ወር ፍሬው የበሰለ አይታጣም። አንዱ ሾላ ፍሬውን በአንድ ጊዜ ሲያበስል ጎረቤቱ ገና ጥሬ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ምክንያቱ እጅግ ያስደንቀኛል። የሾላ አበባ ከውጭ አይታይም፤ ፍሬ የምንለው ነገር ውስጡ በደቃቃ አበቦች የተሞላ ነው። የአበባውን ዱቄት የምታደርስለት ዐይን በጭንቅ የሚያያት ትንሽ የተርብ ዘር ናት። እንስቷ በጠባቧ ቀዳዳ ገብታ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ አድገው የአበባ ዱቄት ተሸክመው ሲወጡ ዕድሜያቸው የጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ እነሱን ለመቀበል የደረሰ ሌላ ሾላ በአቅራቢያቸው ማግኘት አለባቸው። ሾላዎቹ ሁሉ በአንድ ወር ቢያፈሩ ኖሮ ተርቧ ትጠፋ ነበር፤ ተርቧ ከጠፋች ደግሞ ሾላ ዘር አይኖረውም። ስለዚህ ነው ሌላው ሁሉ በደረቀበት በጥር እንኳ ለወፍና ለጦጣ የሚሆን ሾላ የሚገኘው።

በምትሄዱበት መንገድ ላይ ያሉትን ሾላዎች አንድ በአንድ ለዩአቸው። በየሳምንቱ ስታልፉ ቀና ብላችሁ ፍሬውን እዩ፤ አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ እለፉት፣ ወደ ቢጫና ቀይ ከዞረና መሬት ላይ የተነከሰ ፍሬ ካያችሁ ግን በማግስቱ ጠዋት እዚያ ተገኙ።

የመጀመሪያው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ክንፉ አየሩን ሲቀዝፍ ከሩቅ የሚሰማ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ፤ ምንቃሩ ላይ ደርቦ ገረጣ ያለ ቀንድ መሳይ ጉብታ ተጭኗል። የጅማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ በከተማው ላይ የሚያልፈው እሱ ነው። የጎጆው ነገር ደግሞ ልዩ ነው። እንስቷ እንቁላል ልትጥል ስትል አሮጌ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባና መግቢያው በጭቃ ይደፈናል። የሚተርፈው ምንቃሯን የምታወጣበት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ተባዕቱ ፍሬ በጉሮሮው ሞልቶ እየተመላለሰ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። ብቻውን የሆነ ወፍ ከሾላው ተነሥቶ ደጋግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲበር ካያችሁ እዚያ ቤተሰብ አለው። አቅጣጫውን በዐይናችሁ ተከተሉት እንጂ ጎጆው ድረስ አትሂዱበት። ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ዛፍ ለሰው ማገዶ ብቻ ይመስለዋል፤ ለዚህ ወፍ ግን ሌላ ቤት የለውም። እንዲህ ያለ ዛፍ ሲቆረጥ ሳይ ከልቤ ነው የማዝነው።

ሁለተኛዋ የምትወዷት ናት። ስትቀመጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ስለሆነች ከቅጠሉ መለየት ይቸግራል፤ ጉንጯ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ነው የሚያጋልጣት። በቅርንጫፍ ላይ እንደመራመድ ሳይሆን እንደመሮጥ ትላለች። ስትበር ግን ክንፏ ይገለጥና ደማቅ ቀይ ይሆናል። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ ያለበት ነው፤ በሌሎች ወፎች ዘንድ የማይገኝ፣ የዚህች ዘመዶች ብቻ የሚሠሩት ቀለም ነው። ጉንጨ ነጯን ወፍ ከኢትዮጵያና ከቅርብ ጎረቤቶቿ ውጭ የትም አታገኟትም። ከሩቅ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣባትን ወፍ ቁርስ ከመብላታችሁ በፊት ልታዩ ትችላላችሁ።

አቋቋማችሁ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ፍሬ ያለበት ግንድ ሥር አትቁሙ፤ የላይኛውን ሁሉ ታስደነግጣላችሁ፣ የምታዩትም ሆድ ብቻ ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ራቁና ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሌላ ግንድ ተደገፉ። ስትደርሱ የነበሩት ወፎች ቢበሩ አትከፉ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ካላችሁ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ስለሚታይ ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ልብስ ይሻላል። የስልካችሁን ድምፅ አጥፉ። ስልክ ላይ የወፍ ድምፅ ከፍቶ ወፍ መጥራት የጀመሩ ወጣቶችን አያለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። ወፉ ባላጋራ የመጣበት እየመሰለው ጎጆውን ጥሎ ሲንከራተት ይውላል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ማታ ከ10 ሰዓት በኋላም ደኅና ነው፣ ግን እኛ ዘንድ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መምጣት ይወዳል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ቤት አትቀሩ። የረጠቡ ወፎች ክንፋቸውን ለማድረቅ ገላጣ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ፤ የተደበቀው ሁሉ የሚገለጥባት ያች ግማሽ ሰዓት ናት። በከተማው መናፈሻዎች ሣር ላይም ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ ምንቃር ያላቸው ትልልቅ ወፎች ወርደው እርጥቡን አፈር እየወጉ ትል ሲያወጡ ታያላችሁ። ከመካከላቸው አንገቱ ሥር ሥጋ ያንጠለጠለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው አገሩ።

ወደ ወቅቶቹ ልለፍ። ዓመቱ ከመስከረም ይጀምራልና እኔም ከዚያ እጀምራለሁ።

መስከረም ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው አደይ አበባን ነው፤ ያምራል፣ አልክድም። እናንተ ግን ዋንዛውን እዩ። ነጭ አበባው ሲፈነዳ ከዛፉ ሥር የሚሰማው የንብ ድምፅ መንገድ ላይ ያለን ሰው ያቆማል፤ የረገፈው አበባም መሬቱን ነጭ ያደርገዋል። ለማር ነጋዴ የተስፋ ድምፅ ነው። በዚሁ ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች መድረስ ይጀምራሉ። ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ ጭራቸውን ያለማቋረጥ የሚያርገበግቡ ትንንሽ ወፎች በላሞቹ እግር መካከል ሲሯሯጡ ካያችሁ እነሱ ናቸው፤ ላሟ ስትራመድ የሚነሣውን ዝንብ ይለቅማሉ። እስከ መጋቢት አካባቢ አብረውን ይቆያሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ባቆረበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወባ ይበረታል። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ወባ አይነካንም የሚል ሰው አትስሙ። ወንዝ ዳር ለመሄድ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ሲመሽም ውኃ ዳር አትቀመጡ።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ቀይ ነው። ይህ የሰው እንጀራ ስለሆነ ቡና ውስጥ ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው፤ በለቀማ ሰዓት ደግሞ ሌባ ያስመስላል። ባለቤቱን ካገኛችሁ ቀድማችሁ «አካም ቡልተኒ» በሉ፣ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩ። ተከለከልኩ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ቡና ጠጡ ተብላችሁ ልትዘገዩ ትችላላችሁና ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። የቡናውን እግር መንገድ ስትከተሉ መሬቱንም እዩ። ጥርኝ ሌሊት ስለሚወጣ እሱን የማየት ዕድላችሁ ጠባብ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ እየተመላለሰ የመጸዳዳት ልማድ አለው። በልቶት ያልተፈጨ የቡና ፍሬ የሞላበት ክምር ካገኛችሁ መንገዱን አገኛችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከማንኛውም ወፍ በላይ ይህን ነው የሚያስታውሱት።

በጋው ሲገባ ቅጠሉን ያራገፈ ኮርች በቀይ አበባ ይሸፈናል። እዚያ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጡ፣ ምንቃራቸው እንደ ወስፌ ቀጭንና ጎባጣ የሆነ፣ ፀሐይ ሲነካቸው የሚያብረቀርቁ ወፎች የአበባ ማር ሲጠጡ ይውላሉ። ቅጠል ስለሌለ ምንም አይሰወርባችሁም፤ ለጀማሪ ከኮርች የሚሻል ትምህርት ቤት የለም። ብርብራውንም አድምጡ። በሞቃት ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ የደረቀው ቅርፊት በኃይል እየተሰነጠቀ ዘሩን ይወረውራል፤ ድምፁ ደኅና አድርጎ ያስደነግጣል። ብርብራ የቡና ጥላ ነው፣ አገሩም ኢትዮጵያ ብቻ ነው። የዘሩ ዱቄት ዓሣን የሚያደነዝዝ መሆኑን የወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጆች ዘሩን ወደ አፋቸው እንዳያደርጉ ተቆጣጠሩ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የቡና አበባን ሳያይ ጅማ ኖርኩ የሚል ሰው ካለ ዘንድሮውኑ ይካስ። ቀኑን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ዝናብ ነው። እንቡጡ በጋውን በሙሉ ደርቆ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ወይም በመጋቢት የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ ይመጣል፤ የማለዳ ጠል ዓይነት አይደለም፣ አፈሩን ዘልቆ የሚያርስ ዝናብ ነው። ያ ዝናብ በዘነበበት ቀን ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ስምንት እስከ ዐሥር ቀን ቁጠሩና ጠዋት ተነሥታችሁ ውጡ። ማታ አረንጓዴ የነበረው ተክል በየአንጓው ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፤ «ቅዳሜ እሄዳለሁ» ያለ ሰው ቡናማ የሆነ አበባ ነው የሚያገኘው። እዚህ ላይ ነው እንደ ንብ ማሰብ የሚጠቅመው፤ ንብ ቅዳሜን አትጠብቅም።

የት እንደምትሄዱ ካልወሰናችሁ ጅሬን ዳገት ይበቃችኋል። በአጋሮ መንገድ በመልኮ በኩል ያለውም ያምራል፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚያ ነው፣ ዙሪያው ሁሉ ቡና ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ንቦቹ ይደርሳሉ። የእኛ ቡና ዓይነት በራሱ የአበባ ዱቄት ማፍራት ይችላል፤ ንብ ሲጎበኘው ግን ፍሬው ይበዛለታል። ስለዚህ ቡና መካከል የተሰቀለ ቀፎ ስታዩ ባለቤቱ ከሁለት ወገን እየተጠቀመ ነው። ከቀፎው መግቢያ ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ሽቶ ተቀብታችሁም አትጠጉ።

ጅሬን ከተነሣ ጉሬዛውን እዚያው ላንሣ። ዳገቱን የሚወጣው ሰው ሁሉ የሚያስበው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነው፤ ጅማን እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የኖሩበት ነውና መታየት አለበት። ግን ቤተ መንግሥቱ ከመከፈቱ በፊት ድረሱና በቡናው ላይ ያጠሉትን ሰሳ የሚባሉ ዛፎች ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ቡናቸውን የሚያርሙ አዛውንት አግኝቼ «አባባ፣ ጉሬዛ ዛሬ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ጉሬዛ አይቸኩልም፣ አንቺም አትቸኩዪ። ፀሐይ ያችን ሰሳ ስትነካ ይወጣል» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ።

ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ቅጠል ቶሎ ኃይል የሚሰጥ ምግብ አይደለም፤ በብዙ ክፍል የተከፈለ ሆዱ ውስጥ እየፈላ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ስለዚህ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ በልቶም ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ገና ሳይነጋ በርቀት ከጉሮሮ የሚወጣ የሚንከባለል ጩኸት ከሰማችሁ ወንዱ ቦታውን ማሳወቁ ነው፤ ያ ድምፅ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ፀጉር በኋላ ይመጣል። ነጭ ግልገል ከእናት ወደ አክስት እየተቀባበለ ሲሄድ ማየት ትልቅ ዕድል ነው፣ አትጩኹ፣ አትጠቁሙ። ዐይናችሁ ጥሩ ከሆነ እጁንም እዩ፤ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ አራቱን ጣቶች እንደ ሜንጦ አድርጎ ነው ቅርንጫፍ የሚይዘው።

ጦጣውና ዝንጀሮው ግን ሌላ ናቸው። ሙዝና ዳቦ የለመዱ ጦጣዎች በወንዝ ዳርና በመናፈሻ አሉ፤ የሚወረውርላቸው ሰውም አልጠፋም። ደግነት ይመስላል፣ ግን አይደለም። የለመደ ጦጣ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፣ ይነክሳል፣ ከዚያ ሰፈርተኛው ድንጋይና ውሻ ይዞ ይነሣበታል። ምግብ ከያዛችሁ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ የምትበሉትም ጦጣ በሌለበት ይሁን።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከዝናብ በኋላ ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ከመሬት ይፈልቃል። ጭልፊቱ፣ ቁራው፣ ሽመላው፣ የቤት ዶሮው ሳይቀር ለግብዣው ይመጣል። ብሳናው የሚያብበው፣ ዶቅማውም በየወንዙ ዳር ለልጆችና ለወፎች የሚበስለው በዚሁ አካባቢ ነው።

ክረምቱን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ጭቃው ያስፈራል፣ የጅማ ቀይ አፈር ሲርስ ዳገት ላይ ያንሸራትታል። የላስቲክ ቦት ጫማና ጠንካራ ዱላ ይኑራችሁ። ሳማ በየመንገዱ ዳር ይረዝማልና እጃችሁን ሳታዩ ቁጥቋጦ አትያዙ። ገብረ ጉንዳን ሲሰለፍ ካያችሁ መስመሩን አትርገጡ፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጉንዳኑ ሲዘምት ከቅጠል ሥር የተደበቀ ነፍሳት ሁሉ ይሸሻል፣ የሚሸሸውን ሊለቅሙ ደግሞ በሌላ ጊዜ ከጥሻ የማይወጡ ወፎች ይወርዳሉ። ለእነሱ ሲባል ለሁለት ለሦስት ንክሻ መጋለጥ ምንም አይደለም።

ቦዬን ለብቻው ያስቀረሁት ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ሲሉ የሚገኘው ረግረግ ነው፤ ጉማሬ አለበት። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል። አደጋው ያለው በመሄጃና በመመለሻው ሰዓት በእሱና በውኃው መካከል መቆም ላይ ነው። ስለዚህ ለቦዬ የማለዳውን ደንብ እሽራለሁ፦ ፀሐይ ከወጣች ቆየት ብሎ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ውጡ። ሣሩ ውስጥ ሰፋ ያለ የተረገጠ ቦይ ካያችሁ የእሱ መንገድ ነው፣ አትከተሉት። በአካባቢው ከብት የሚጠብቁ ልጆች ዛሬ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው፣ የሚነግሯችሁንም እመኑ።

በቦዬ የምትፈልጉት ዛፍ የለም፤ እዚህ ዛፉን የሚተካው የውኃው ጠርዝ ነው። ውኃና ሣር በሚገናኙበት፣ ጭቃው በሚታይበት ቦታ ላይ ዐይናችሁን አሳርፉ። ራሳቸው ላይ የወርቅ መልክ ያለው ዘውድ የደፉት ትልልቅ ጥቁር ወፎች በክረምት ረግረጉ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፤ በበጋ ደግሞ ተሰባስበው በታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ። ዓለም ላይ ቁጥራቸው እየቀነሰ ከሚያሳስቡ ወፎች መካከል ናቸው። በክረምት ዘውዳማ ጥንድ አንድ ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ ካያችሁ ጎጆ አለውና አትጠጉ።

ቡና ስናፈላ የምንጎዘጉዘው ቀጤማ የሚመጣው ከእንዲህ ያለው ረግረግ ነው። ውኃውን ይዞ ቀስ ብሎ የሚለቀው፣ ቆሻሻውን አጣርቶ ወደ ግልገል ጊቤ የሚያሳልፈውም እሱ ነው። በጅማ ዙሪያ ረግረጎች ለጡብ ጭቃ ይቆፈራሉ፣ ለእርሻ ይጠነፈፋሉ፣ ባሕር ዛፍ ይተከልባቸዋል። መሀል ከተማ አዌቱ ውስጥ የተጣለ ፌስታልም ጉዞው ወደዚያው ነው። በእግር ስትወጡ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ያዙና ከወንዙ ዳር የምታገኙትን ሰብስቡ፤ እኔ ይህን ሳደርግ መጀመሪያ የሚገርማቸው ልጆች ቆይተው ያግዙኛል።

ሙሉ ቀን ያለው ሰው በለጠ ደንን ይይ። በቦንጋ መንገድ ከሰቃ ጨቆርሳ በኋላ ሸቤ ከመድረሳችሁ በፊት መንገዱ ደን ውስጥ ይገባል። ቀረሮ የሚባለው ዛፍ ሰማይ ጠቀስ ነው፤ ሥሩ ቡናና ኮረሪማ፣ አናቱ ላይ ቀፎ። አባቴ እዚያ ሲሄድ ወደ ማር የሚመራውን ወፍ ይጠብቅ ነበር፤ ግራጫማ፣ ለማየት ተራ የሆነች ወፍ ናት፣ እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ትቀድማለች፣ ሰውየው በፉጨት ይመልስላታል። ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ሰም ይተውላታል፤ ሰም ከሚበሉ ጥቂት ፍጥረታት አንዷ ናትና። ብትጠራችሁ ጥቂት ተከተሏት፣ ግን የአካባቢ ሰው ሳይኖር ከመንገዱ ርቃችሁ አትግቡ፤ ደኑን ተደራጅተው የሚጠብቁት የዚያው ገበሬዎች ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱን ማናገር ተገቢም ነው። ሚኒባስ ከመናኸሪያ ማለዳ ያዙ። ለመመለስ ከ9 ሰዓት በፊት አስፋልት ላይ ተገኙ፤ ከዚያ በኋላ ከቦንጋ የሚመጡት ሞልተው ነው የሚያልፉት።